ለ«ደረጃ» የተሰጠ ደረጃ

ጨዋታው ለሽያጭ በቀረበበት ዕለት የመጀመሪያው አስተያየት አንዲት ኮከብ ይዞ መጣ። ወንድሟ ከኮምፒውተሩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ስክሪኑ ጥቁር ነው። ምንም አይታይም። የተበላሸ ዕቃ ለምን ትሸጣላችሁ?»

እህቱ ከወንበሯ እስክትወድቅ ሳቀች። «ይኼ ሰውዬ ሳያውቀው ገብቶታል እኮ!» አለች። «ምንም አይታይም። ልክ ብሏል።»

እሷ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። ታናሽ ወንድሟ «እታለም» ይላታል፤ ሰፈሩም ከእሱ ሰምቶ እታለም ብሏት ቀረ። እሷ ደግሞ ጢሙ ደረቱ ጋ ሊደርስ ምንም ያልቀረውን ወንድሟን ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው። እሱ ኮዱን ይጽፋል፣ እሷ ድምፁን ትሠራለች። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት ክፍሏ ጎን ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት አጽድታ ለቃላቸዋለች። እታለም ግድግዳውን በቁርጥራጭ ጨርቅ አልብሳ፣ ማይኳን አቁማ የጨዋታውን ድምፅ በሙሉ የቀዳችው እዚያ ነው። ከማዶ ሕንፃ የሚሰማው ጄኔሬተር የእናቷ የስፌት መኪና ነበር፤ ፍጥነቱን ቀንሳ አወፈረችውና ጨዋታው ውስጥ ሲያጓራ እናቷ እንኳ አላወቀችውም።

የጨዋታው ስም «ደረጃ» ነው። መብራት በጠፋበት ረጅም ፎቅ ውስጥ ተጫዋቹ የሕንፃው ጥበቃ ሠራተኛ ይሆንና ነዋሪዎቹን በጆሮው እየፈለገ በደረጃው ወደ ታች ያወርዳቸዋል። አንድም ሥዕል የለውም። አንዱ ፎቅ ላይ የሚያስለው ሽማግሌ አለ፣ ሌላው ላይ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ሌላው ላይ በር የሚቧጥጥ ውሻ። የሚያየውም የማያየውም እኩል ይጫወተዋል። እታለም ልጅ ሳለች ማሙሽ ጌም ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብላ «አሁንስ ምን ሆነ?» እያለች ስትጠይቀው ነው ያደገችው። እሱም ሳይሰለች ይነግራት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ እሱ እሷን «አሁንስ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጨዋታ እንዲኖር ትመኝ ነበር፤ «ደረጃ» ከዚያ ምኞት የተወለደ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሳቁ ቀዘቀዘ። ገዢዎች እየከፈቱ፣ ጥቁር ስክሪን እያዩ፣ አንድ ኮከብ ወርውረው ይሄዳሉ። መደብሩ በየጨዋታው ስም ሥር የገዢዎችን አስተያየት ጨምቆ አንዲት ቃል ይለጥፋል፤ «የተወደደ»፣ «የተደባለቀ»፣ «ያልተወደደ» የሚሉ አሉ። የእነሱ ላይ የመጨረሻዋ ተለጠፈች። ያቺ ቃል ከተለጠፈች በኋላ መደብሩ ጨዋታውን ከኋላ መደርደሪያ ይደብቀዋል፤ ስሙን ፊደል በፊደል ለማያውቅ ሰው አይወጣለትም።

«ደረጃችን ደረጃ አጣ» አለ ማሙሽ። ቀልዱ ራሱንም አላሳቀውም። ለዚህ ሥራ ብሎ የኮምፒውተር ጥገና ሱቁን ትቶ ነው የተቀመጠው። «ትንሽ ሥዕል እናስገባበት በቃ። የደረጃ ጥላ፣ ጭል ጭል የሚል መብራት፣ የሆነ ነገር።»

«ሥዕል ካለ ማን ጆሮውን ይከፍታል?»

«እታለም፣ ነገር በዓይን ይገባል።»

«በጆሮም በር አለው። በሩ የት ጋ እንዳለ ያልነገርናቸው እኛ ነን።»

በዚህ ክርክር መሃል የአጎታቸው ልጅ ሳያንኳኳ ገባ። አቋራጭ ነው የሚባለው። ትምህርት ቤት ሲሄድ የሰው አጥር እየዘለለ ቀድሟቸው ይደርስ ስለነበር የወጣለት ስም ነው፤ አሁን የማስታወቂያ ሥራ ይሠራል። ነገሩን ቆሞ ሰማና እንደ ቀላል ነገር መፍትሔውን ተናገረ።

«የሚሸጥ ኮከብ አለ። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ። ከየአገሩ፣ በየስሙ ሆነው አምስት አምስት ኮከብ ይጽፉላችኋል። ትልልቆቹም የሚነሡት እንደዚህ ነው።»

«ጨዋታውን ይጫወቱታል?» አለች እታለም።

«ምን በወጣቸው!»

«ታዲያ ምኑን አይተው ነው የሚመሰክሩት?»

«የኔ እህት፣ ይኼ ችሎት አይደለም፤ ገበያ ነው።»

«ገበያም ቢሆን ያልቀመሰ ሰው ጣፈጠኝ ሲል አልወድም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አይሆንም፣ ወንድሜ። እንደማታደርገው ማልልኝ።»

«ካደረግሁት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ማለ አቋራጭ። ማን ፊት እንደማለ ትዝ ሲለው ግን ምላሱን ነከሰ።

«ያድርገው» አለች እታለም እየሳቀች። «እኔ ቦታ እይዝልሃለሁ።»

እሷ ያሰበችው ሌላ መንገድ ነበር። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የዓይነ ስውራን ማኅበር አንድ የኮምፒውተር ክፍል አለው። ትየባ የተማረችው እዚያ ነው። ሄዳ ለአባላቱ ጨዋታውን አስተዋወቀቻቸው፤ ወደው በየራሳቸው ስም ገዙት። አስተያየት ጻፉልኝ አላለችም። ጥግ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። አንዱ «ሳሉ በግራ ነው! በግራ በኩል!» ይላል፤ ሌላዋ «ዝም በሉ፣ ቧንቧዋ ጠፋችብኝ!» ብላ ትጮኻለች። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር፣ ያንን ውሻ ይዘው ምድር ቤት ሲደርሱ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ለመደብሩ መጻፍ ጀመሩ። የሊቀመንበሩን አስተያየት ቤት ሲገቡ ማሙሽ አነበበላት።

«ዕድሜ ልኬን ሰው እጄን ይዞ ደረጃ ሲያወርደኝ ኖርኩ። ዛሬ እኔ ሰው አወረድኩ። አምስት ኮከብ።»

እታለም ድጋሚ እንዲያነብላት ጠየቀችው። አነበበላት። ቃሉም ተቀየረ፤ «ያልተወደደ» ወርዶ «የተደባለቀ» ወጣ። ማሙሽ ተነሥቶ እናቱን አቀፋት፤ እናቱም መርፌ በአፏ ይዛ ስለነበር «ቀስ! ቀስ!» አለችው በጥርሷ መሃል።

ደስታው አልሰነበተም። ከመደብሩ አንድ መልእክት መጣ፤ ከአንድ ቦታ በተቀራረበ ሰዓት የተላኩ፣ አጻጻፋቸውም የሚመሳሰል አስተያየቶች ስለተገኙ ተሰርዘዋል የሚል። በጨዋታው ገጽ ላይ ደግሞ በቢጫ ሣጥን ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፤ «የዚህ ጨዋታ አስተያየቶች የተቀነባበሩ ሊሆኑ ይችላሉ።» የማኅበሩ ሰዎች ቃል አንድም ሳይቀር ጠፍቷል።

እታለም ለሊቀመንበሩ ራሷ ደውላ ነገረቻቸው።

«ዕድሜ ልኬን ‹አታይም› ስባል ኖሬያለሁ» አሉ በስልኩ እየሳቁ። «‹የለህም› ስባል ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

እታለም የድምፅ ሰው ናት። ከሳቃቸው ሥር ያለውን ሰምታለች። ስልኩን ዘግታ «እነዚህ ሰዎች ቃላቸው ካልተመለሰ እንቅልፍ የለኝም» አለች ለወንድሟ። አቤቱታ ጻፉ። መልሱ ደቂቃ ሳይቆይ መጣ፤ ማሽን የጻፈው ነበር፤ «ውሳኔያችን የመጨረሻ ነው፤ ስለተጠቀሙብን እናመሰግናለን» ይላል።

ማሙሽ ገጹን ዳግመኛ ሲያገላብጥ ግን አንድ ነገር አየ። ከተሰረዙት በኋላም አምስት ኮከቦች በገጹ ላይ ቀርተዋል፤ እንዲያውም በዝተዋል።

«እታለም፣ ላንብብልሽ፤ እንዳትስቂ» አለ። «‹ግራፊክሱ ድንቅ ነው! ቀለማቱ ዓይን ይማርካሉ!› ይላል። ይኼኛው ደግሞ፤ ‹ፀሐይ ስትጠልቅ ያለው ትዕይንት አስለቀሰኝ።›»

«የትኛዋ ፀሐይ?» አለች እታለም። አልሳቀችም። «አቋራጭን ጥራው።»

አቋራጭ መጣ፤ አልካደም። ከኪሱ አውጥቶ የገዛቸው ናቸው። ሻጮቹ ከተለያየ አገር፣ በተለያየ ቃል ስለጻፉ የመደብሩ ማጣሪያ አንዱንም አልያዘም። እውነተኞቹ ተጥለው ውሸታሞቹ አለፉ።

«ለእናንተ ብዬ ነው» አለ። «ከሥር ወድቃችሁ ስትቀሩ እጄን አጣጥፌ ልይ?»

«ምለህ ነበር።»

«ማልኩ፤ አዎ። ከዚያ ማሙሽን አየሁት። ፊቱን ብታዪው…» አለና አቋረጠ።

«ፊቱን አላየሁትም፤ ድምፁን ግን ከአንተ በፊት ነው የሰማሁት» አለች እታለም። «ይኼንን ለመደብሩ እንነግራለን።»

መጀመሪያ የተቃወመው አቋራጭ ነው። የመደብሩን ሕግ ያውቀዋል፤ ኮከብ የተገዛለት ጨዋታ፣ ማንም ይግዛው ማን፣ ከመደብሩ ይወርዳል። «ራሳችሁን በራሳችሁ ልትከስሱ ነው?» አለ።

እናታቸው የስፌት መኪናዋን አቁማ በሩ ላይ ቆማለች። «ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ» አለች። «ስንት ዘመን የለፋችሁበትን በገዛ እጅሽ ታፈርሺዋለሽ?»

ማሙሽም በቀስታ፣ «ዝም ብንል ማን ያውቃል?» አለ። «ትንሽ እንሽጥ። ስንጠነክር እናጠፋቸዋለን።»

«ማሙሽ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገ አንድ ሰው ይችን ፀሐይ አንብቦ ሲስቅብን ምን ትላለህ?» ድምፅዋን አላነሣችም። «ለኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድ የለም እል ነበር። ያ ቢጫ ሣጥን የተለጠፈው ግን በሊቀመንበሩ ላይ ነው። አጭበርባሪ የተባሉት እነሱ ናቸው። የውሸታሞቹ ቃል ተከብሮ የእነሱ ተሰርዞ ሳለ እኔ ኮከብ አልቆጥርም። እውነተኞቹ ይመለሱ ለማለት ደግሞ መጀመሪያ ውሸታሞቹ እነዚህ ናቸው ማለት አለብኝ። ሌላ አንደበት የለኝም።»

ወንበሯን ወደ ወንድሟ አዞረች።

«አብረን ነው የሠራነው፤ አብረን ብንልከው እወዳለሁ» አለች ለወንድሟ። «እምቢ ካልክ ግን ብቻዬን እጽፈዋለሁ።»

ማሙሽ ለጥቂት ጊዜ ጢሙን ሲያሻሽ ድምፁ ተሰማት። ከዚያ ወንበሩ ተንቋቋ፤ ቁልፎቹ መንኳኳት ጀመሩ። «‹ለመደብሩ አስተዳደር› ብዬ ልጀምር?» አለ።

«ጀምር።»

አቋራጭ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። «ስሜን ታነሺዋለሽ?»

«‹ዘመዳችን› ነው የምለው። ስምህ የራስህ ነው።»

አቋራጭ ወጣ። እርምጃው ኮሪደሩ ላይ ሄዶ ቆመ፤ ተመለሰ። ስልኩን ከማሙሽ ፊት ሲያስቀምጠው ጠረጴዛው ላይ ኳ አለ። «የሻጮቹ አድራሻ በሙሉ እዚህ አለ። ስሜንም ጻፈው» አለና ደግሞ በራሱ ተናዶ «በልጅነቴ ያ አጥር ሱሪዬን ቀዶ ነበር፤ አልተማርኩም» አለ።

መደብሩ አፍታ አልፈጀም። «ደረጃ» በማግስቱ ወረደ። በገጹ ቦታ «ጉዳዩ እስኪጣራ ታግዷል» የሚል ብቻ ቀረ። ማሙሽ ወደ ጥገና ሱቁ ተመልሶ ግማሽ ቀን መሥራት ጀመረ። ወንድሟን እንደጎዳችው እታለም ታውቃለች፤ ማታ ማታ ሲገባ ከበፊቱ ይልቅ ዝምተኛ ነው። አንዳንዴ ልክ አልነበርኩ ይሆን ብላ አስባለች። ግን እንደገና ብታስበውም እዚያው ቃል ላይ ነው የምትደርሰው።

ስለዚህ በየጠዋቱ ትደውላለች። የመደብሩ ስልክ መጀመሪያ ሙዚቃ ያሰማል፤ ቀጥሎ አንዲት የተቀዳች ሴት «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» ትላለች፤ ከዚያ ይዘጋል። እታለም ሙዚቃውን በቃሏ ያዘችው፤ የተቀዳችዋ ሴት የት ጋ ትንፋሽ እንደምትወስድ ሳይቀር አወቀች። እናቷ መኪናዋን አቁማ «ዛሬም?» ትላታለች። «ዛሬም» ትላለች እታለም። ቀስ በቀስ እናቷም ጠዋት ጠዋት ያንን ሙዚቃ እያንጎራጎረች መስፋት ጀመረች።

አንድ ጠዋት ሙዚቃው ተቋረጠና ጉንፋን የያዘው የእውነተኛ ሴት ድምፅ መጣ። «የአስተያየት ማጣሪያ ክፍል ነው፤ ምን ልርዳዎት?»

እታለም ጉዳዩን ከሥሩ ነገረቻት። አጣሪዋ ማህደሩን እየከፈተች አዳመጠች። «እንደ እናንተ ራሱን የጠቆመ አላጋጠመኝም» አለች። «የተሰረዙት ግን በሕጉ መሠረት ነው የተሰረዙት። ሁሉም ከአንድ ኮምፒውተር ክፍል ነው የመጡት።»

«አባላቱ የሚሠሩት እዚያ ስለሆነ ነው።»

«አራት ነጥብ የሚባል አንዱም ላይ የለም። ‹ደረጃ›ን ሁሉም ‹ደርጃ› ብለው ነው የጻፉት። አንድ ሰው ካልጻፈው ይኼ እንዴት ይሆናል?»

«እየተናገሩ የሚጽፍላቸው ፕሮግራም ነው የሚሳሳተው። ጆሮው ትንሽ ያስቸግረዋል» አለች እታለም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ጨዋታውን ተጫውተውታል?»

«እኔ አስተያየት አጣራለሁ እንጂ ጨዋታ አልጫወትም።»

«እንግዲያው እርስዎም ሳይቀምሱ ነው የሚፈርዱት።»

ዝምታ ሆነ። የተቆጣ ዝምታና የሚያስብ ዝምታ ይለያያሉ፤ ይኼኛው የሚያስብ ነበር።

«አንድ ፎቅ ብቻ ይውረዱ» አለች እታለም። «ጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ ስክሪኑን ይተዉት።»

አጣሪዋ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና የታገደውን ጨዋታ ከማህደሩ ከፈተች። ለጥቂት ጊዜ የቁልፍ ኳኳታ ብቻ ነበር። ድንገት ወንበር ተንሸራተተ። «ወይኔ! ማነው ከኋላዬ?»

«አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ከዘራቸው ጠፍቷቸው ነው። ወደ ድምፃቸው ይሂዱ፤ አይፍሩ።»

አጣሪዋ አንድ ፎቅ ብላ ጀምራ አሮጊቷን ምድር ቤት ሳታደርስ አላቆመችም። ተመልሳ ስልኩን ስታነሣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «ማስረጃ ያስፈልገኛል» አለች፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ሆኗል።

«የማኅበሩን ስልክ ልስጥዎት። ብቻ ፎቶ አይጠይቋቸው፤ ማን አስተካክሎ እንደሚያነሣው አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ አጣሪዋ ማኅበሩ ጋ ደወለች። ሊቀመንበሩ አባላቱን ሰብስበው ስልኩን እጅ በእጅ አዞሩት። እያንዳንዱ የትኛው ፎቅ እንዳስቸገረው ነገራት። አንድ አባል ደግሞ ተነሥቶ ተከራከረ፤ ውሻው በር ማዶ ሆኖ ሳለ ጆሮው ሥር ያለ ይመስላል፣ ሲቸኩል ነው አምስት የሰጠው፣ ለእሱ አራት ነው የሚገባው፣ የእሱ ቃል ከተመለሰ አንድ ኮከብ ይቀነስለት አለ። ሊቀመንበሩ «አንተ ሰውዬ፣ አሁን ነው የምትቀንሰው?» ብለው ሲቆጡት በስልኩ ተሰማ። አጣሪዋ በኋላ ለእታለም እንደነገረቻት ያሳመናት እሱ ነው። «የተገዛ ሰው እንከን አያወጣም» አለች።

«ደረጃ» ወደ መደብሩ ተመለሰ። የተገዙት ኮከቦች ከነሻጮቻቸው ጠፉ፤ ቢጫው ሣጥን ተነሣ፤ የማኅበሩ ሰዎች ቃል ከነ«ደርጃ»ው በየቦታው ተቀመጠ፤ አንደኛው በጠየቀው መሠረት አራት ኮከብ ይዞ። ቅጣቱ ግን አልቀረም። ኮከብ በመገዛቱ ጨዋታው እስከ ዓመቱ መጨረሻ በመደብሩ የፊት ገጽ እንዳይወጣ ታግዷል። አቋራጭ ይህን ከሰማ በኋላ በየሳምንቱ እየመጣ ጨዋታውን ለሰዎች የሚያስተዋውቅበትን ጽሑፍ ያለ ክፍያ መጻፍ ጀመረ። ለእታለም እያነበበ ያሰማታል፤ የተጋነነውን እየነቀሰች ታስወጣዋለች።

አጣሪዋ አንድ ነገር ጠይቃት ነበር። «ጥቁር ስክሪን ብለው አንድ ኮከብ የሰጡትስ? ጨዋታው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። እንዲሰረዙ ማመልከት ትችላላችሁ።»

«አይ፣ ይቆዩ» አለች እታለም። «ገዝተዋል፣ ተናግረዋል። እኛ ነን ያልነገርናቸው።»

ከወንድሟ ጋር የጨዋታውን መግቢያ እንደገና ሠሩት። አሁን ሲከፈት እናታቸው በራሷ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ስክሪንህ አልተበላሸም። መብራቱ ነው የጠፋው። ጆሮህን አቁም» ትላለች። እናታቸው ይህን ለመቅዳት ቀኑን ሙሉ አስቸገረቻቸው፤ ማይክ ፊት ስትቆም እንደ ዜና አንባቢ ይሆናል ንግግሯ። ማሙሽ በሳቅ ከክፍሉ ወጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲህ ሲስቅ እታለም የሰማችው ያን ቀን ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ኮከብ ሰጪም በትህትና መልስ ጻፉ። አንዳንዱ ተመልሶ ተጫውቶ ኮከቡን ጨመረ፤ አንዱ ተሳድቦ ሄደ፤ አብዛኛው ዝም አለ። በስሙ ሥር ዛሬም ያለው ቃል «የተደባለቀ» ነው። ሽያጩ ቀስ ይላል፤ ማሙሽም ግማሽ ቀኑን ጥገና ላይ ነው።

እታለም ግን መደወል አላቆመችም። መደብሩ እያንዳንዱን ጨዋታ በዓይነቱ ይመድባል፤ የመኪና፣ የጦርነት፣ የእግር ኳስ እያለ። «በጆሮ ብቻ የሚጫወቱት» የሚል ምድብ የለውም። ምድቡ ቢኖር ሰው ሳይገዛ በፊት ያውቃል፤ እንደ እነሱ ያለ ጨዋታ የሚሠራ ሌላ ሰውም ባልበደለው አንድ ኮከብ አይቆጠርበትም። ሦስት ኃላፊዎች አይቻልም ብለዋታል፤ አንዱ እንዲያውም ፈላጊ የለውም ብሏታል።

ሰኞ ጠዋት የአጣሪዋን ክፍል ቁጥር መታች።

«እርስዎ ነዎት?» አለች አጣሪዋ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ስትላት። «እሱን የምድቡን ነገር አይሆንም ብለዋል እኮ፤ ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረውኛል» አለች እታለም። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። «ፈላጊ የለውም ያሉትን ሰውዬ ስልክ ይስጡኝና እሳቸውንም አንድ ፎቅ ላውርዳቸው።»